ቡሬ ሞተ፣ ሰው አልሞተም

ደብተሩ አጀንዳ ነው። መስሪያ ቤታችን ለአዲስ ዓመት ካደላቸው አንዱ። ሽፋኑ ቡናማ ነው፤ ፊቱ ላይ በወርቃማ ቀለም 2006 የሚል ታትሞበት ነበር። ወርቁ ተላልጦ አሁን የቀሩት 2 ቁጥርና አንዱ 0 ብቻ ናቸው።

እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀን አለ። እኔ ግን ቀኑን ተከትዬ አልጻፍኩበትም። ጥቅምት 14 የሚለው ገጽ ላይ ያለው የ2011 ሚያዝያ ጉዳይ ነው። ኅዳር የሚለው ላይ የክረምት ወሬ አለ። ይሄ ለሒሳብ ሠራተኛ ትልቅ ሥቃይ ነው። ስለዚህ ትክክለኛውን ቀን ከላይ በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ። የታተመውን ግን አልሰርዝም፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ውስጡ ያለው የቤተሰቤ አባባል ነው። ሌላ ነገር አይገባበትም። አንድ ጊዜ ባለቤቴ "ሽንኩርት 3 ኪሎ" ብሎ ጽፎበት ሁለት ቀን አኩርፌዋለሁ። (ገጹ አሁንም አለ። ቀይ ቀን ግን አልሰጠሁትም።)

የጀመርኩት በልቅሶ ምክንያት ነው።

አያቴን "ትልቋ እማዬ" ነበር የምንላት። የመንዝ ሰው ናት። በስተርጅና ደብረ ብርሃን ልጆቿ ጋር ገባችና በ2005 ክረምት እዚያው አረፈች። ድንኳን ውስጥ በተቀመጥንባቸው ሦስት ቀናት የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው "እሷ እንደምትለው..." እያለ ነው። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ያርማል። "ኧረ እንደዛ አይደለም ያለችው!" በሁለተኛው ቀን አባቴና አጎቴ በአንድ አባባሏ ተከራክረው ተኮራረፉ። በገዛ እናታቸው ልቅሶ ላይ። አንዱ "እንዲህ ነው ያለችው" ይላል፤ ሌላው "አንተ ያኔ የት ነበርክና?" ይላል። ስለ በግ የሆነ ነገር ነበር። ስለ በግና ስለ አጥር።

አርባዋ ከወጣ በኋላ አባቴን "ያ የበጉ አባባል ምን ነበር?" አልኩት። አሰበ፣ አሰበ፣ "ረሳሁት" አለኝ። አጎቴም ረስቶታል። እኔም ረስቼዋለሁ። ሁለት ሽማግሌዎች የተኮራረፉበት ቃል በአርባ ቀን ውስጥ ድራሹ ጠፋ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መስከረም ላይ አጀንዳው ሲታደል ስብሰባ ልጽፍበት አላሰኘኝም። ያን ማታ ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን ጻፍኩ።

የእንቁላሉን ነው። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለውን የማያውቅ የለም። አያቴ ግን እዚያ ላይ አትቆምም ነበር። አጎቴ ቤት ልሠራ ነው ብሎ ድንጋይ ያጠራቅማል። በዓመት አንድ መኪና። ሲጠየቅ "ቀስ እያልኩ ነው" ይላል። ድንጋዩ ደጅ ተከምሮ አንዱ ጎረቤት ለአጥሩ፣ ሌላው ለደረጃው እያለ ይወስድለታል። አንድ ቀን አያቴ ዱላዋን ይዛ ክምሩን ዞር ዞር ብላ አየችውና "ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ጭልፊት ካላየው" አለችው። በሚቀጥለው ወር መሠረት አስቆፈረ።

ከዚህ አንድ ደንብ ወጣ። በየመጽሐፉ ያለ ተረትና ምሳሌ ደብተሬ ውስጥ አይገባም። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሁሉም ነው፤ እኔ ባልጽፈው አይጠፋም። የኛ የሆነችው ጭልፊቷ ናት።

ደንቡን ያወጣሁት ኦቶግራፍ አቃጥሎኝ ይመስለኛል። ስምንተኛ ክፍል ስንጨርስ ሁላችንም ኦቶግራፍ አዙረናል። የምትወጂው ምግብ፣ የምትወጂው ቀለም፣ ምን ትመክሪኛለሽ። ያን ኦቶግራፍ እናቴ አስቀምጣልኝ ነበር። ከፍቼ ሳየው ከአርባ ልጅ ሠላሳው አንድ ዓይነት ጥቅስ ነው የጻፈልኝ። ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው እየተገለበጠ። ያሳቀኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ "የሒሳብ የቤት ሥራሽን ስለምታስገለብጪኝ አመሰግናለሁ" ብሎ የጻፈልኝ። እሱ ብቻ ነው እኔን አይቶ የጻፈው።

ሁለተኛው ደንብ ከሙያዬ የመጣ ነው። እኛ ጋ ደረሰኝ የሌለው ወጪ፣ ወጪ አይደለም። ስለዚህ ለአባባልም ደረሰኝ እጠይቃለሁ። ገጹን በማስመሪያ እከፍለዋለሁ፦ ቀን፣ ማን አለ፣ ለማን፣ ምን ሆኖ። ቃሉ ራሱ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ሰው ሲያየው ይስቃል። ታናሽ እህቴ "የጉምሩክ ሰነድ አስመሰልሽው" ብላኛለች። ይሁን። "ምን ሆኖ" የሚለው ዓምድ ባዶ ከሆነ አባባሉ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል ጥቅስ ይሆንብኛል። ያምራል፣ ግን ማንንም አያውቅም።

ለምሳሌ ታክሲ ውስጥ የሚለጠፉት ጥቅሶች። በየቀኑ ነው የማነባቸው፤ አንዱንም አልጻፍኩም ነበር። አንድ ቀን ከሜክሲኮ ስሳፈር ረዳቱ ሦስት ሰው በተቀመጠበት ወንበር ላይ አራተኛ ሰው አምጥቶ "ጠጋ ጠጋ" ይላል። አንዲት እናት "የት እንጠጋልህ?" ብለው ተቆጡ። ረዳቱ ምንም አልተነፈሰም። በጣቱ ብቻ ከበሩ በላይ ያለውን ወረቀት አሳያቸው፦ "ፍቅር ካለ ታክሲ ባስ ይሆናል።" እናትየው አነበቡ፣ ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም፣ ተጠጉ። ይሄ ገባ። ቀን፣ ረዳቱ፣ ለእናትየው፣ አራተኛ ሰው ሲጭን። ቤተሰቤ ባይሆንም።

አሰባሰቡ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ላይ ስልኬን አውጥቼ ልቀዳ ሞከርኩ። እናቴ ቡና እያፈላች፣ ቶናው እየተቀዳ፣ ወሬው ደርቶ። ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ ሳስቀምጠው እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ዜና አንባቢ ሆነች። "በእኛ ጊዜ እንግዲህ ሰው ይከባበር ነበር..." እናቴ በሕይወቷ እንደዚህ ብላ አውርታ አታውቅም! ስልኩን ሳነሳው ወደ ሰፈር ሐሜቷ ተመለሰች፤ ጥሩ ጥሩው ሁሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ሲባል እሰማለሁ፣ ዝም እላለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ "መጣሁ" ብዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ቤተሰቤ ስኳር ያለብኝ ይመስለዋል።

አጎቴ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ደብተር እንዳለ ከሰማ ወዲህ ጣቱን ቀስሮ "ይቺን ጻፊ!" ማለት ጀምሯል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ጊዜና ስለ ገንዘብ የሆነ ነገር ይለዋል። እስካሁን አንድም አልገባለትም። አንዴ ግን ልጽፍለት እምቢ ስል ተናዶ "አንቺ ደብተር አይደለሽም፣ ቀበሌ ነሽ!" አለኝ። ያቺ ገብታለች።

እናቴ የማታስገባው አለ። "የማይነጋ መስሏት..." ብሎ የሚጀምረውን ታውቁታላችሁ። የአያቴ የዘወትር አባባሏ ነበር፤ ለባለሥልጣን፣ ለጎረቤት፣ አንዴም ለራሷ ለእናቴ ብላዋለች። እናቴ "ልጆችሽ ነገ የሚያነቡትን ነው ይሄን የምትጽፊው?" ብላ ተቆጣች። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ግማሹ ብቻ ነው ያለው፤ ቀሪው ነጠብጣብ። ልጆቼ ነጠብጣቡን በቃላቸው ያውቁታል።

የእናቴ የራሷ ደግሞ "የጎረቤት ድስት" ነው። በ1979 አንዲት ጎረቤት ለክርስትና ድግስ ትልቁን ድስት ተዋሰች። "ነገ ጠዋት እመልሳለሁ።" ድስቱ የተመለሰው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ደግሞ ክዳኑ የሌላ ሰው ነው! እናቴ ግን ተቀበለች፣ አመስግና። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ዘግይቶ የሚመጣ፣ ሲመጣም ሌላ ነገር ሆኖ የሚመጣ ሁሉ የጎረቤት ድስት ነው። በ2005 ለ20/80 ኮንዶሚኒየም ስመዘገብ ደስ ብሎኝ ደወልኩላት። "የጎረቤት ድስት ነው" አለችኝ። "ይመጣል። ክዳኑን ግን እንጃ።" ዓመት በመጣ ቁጥር "ድስቱስ?" ትለኛለች።

ትልቁ ራስ ምታት የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ቀልድ ሁሉ መጨረሻው አለቃ ገብረሐና ላይ እንደሚለጠፍ ታውቃላችሁ። እሳቸው ያላሉትም፣ ከእሳቸው በኋላ የመጣውም፣ ሁሉም የሳቸው ነው። እኛ ቤት አለቃ ገብረሐና አያቴ ናት። ማን እንዳለው ያልታወቀ ሁሉ "ትልቋ እማዬ ናት ያለችው" ይባላል። ቨርጂኒያ ያለችው አክስቴ የዚህ ዋና አቀንቃኝ ናት። በቴሌግራም የስድስት ደቂቃ ድምፅ ትልክልኛለች፤ አምስቱ ደቂቃ ስለ ጤናዋ ነው፣ አንዷ ደቂቃ ወርቅ ናት።

ከእሷ ጋር የተከራከርነው በ"ሰው አልሞተም" ነው።

ይሄን አባባል ስሰማው ነው ያደግኩት። ብርጭቆ ሲሰበር "ሰው አልሞተም"። ወንድሜ ማትሪክ ሲወድቅ "ሰው አልሞተም"። እኔ ራሴ የዕቁብ ብሬን ሰብሳቢው ይዞ የጠፋብኝ ጊዜ፣ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ብር ነው፣ አልጋ ላይ ወድቄ ሳለቅስ አባቴ ደውሎ "ሰው አልሞተም" አለኝ። እውነቱን ልናገር? ስልኩን ልወረውረው ነበር። አውቃለሁ ሰው እንዳልሞተ! የሞተ ሰው ፈልጌ አይደለም የማለቅሰው። ደብተሩ ላይ ሳሰፍረው እንኳ ቅር እያለኝ ነው። "ማን አለ" በሚለው ዓምድ ስር "ትልቋ እማዬ (እንደ አክስቴ አባባል)" ብዬ ጻፍኩ። "ምን ሆኖ" የሚለውን ባዶ ተውኩት። ያለ ደረሰኝ የተመዘገበ ብቸኛው እሱ ነበር።

ደረሰኙ የተገኘው ዳዊት ውስጥ ነው።

ትልቋ እማዬን ያገቡት ወንድ አያቴ የቤተ ክህነት ተማሪ ነበሩ፤ ኋላ ገበሬ ሆኑ። እኔ አልደረስኩባቸውም። ከእሳቸው የቀረው አንድ የብራና ዳዊት ነው፤ አጎቴ ቤት በማኅደሩ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ድሮ በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት ትርፍ ገጽ ላይ ብዙ ነገር ይጻፍ ነበር። የመሬት ውል፣ ስጦታ፣ ማን ተወለደ፣ ማን አረፈ። ብራና ውድ ነው፤ ሰው ባዶ ቦታ ሲያገኝ አያሳልፍም። ደግሞስ ዳዊት ላይ የተጻፈን ነገር ማን ይክዳል?

ያለፈው ዓመት ፋሲካ ላይ አጎቴን ለምኜ ከማኅደሩ አስወጣሁት። የመጨረሻው ቅጠል ላይ የልጆች ልደት ተራ በተራ አለ። የአባቴ ከጊዮርጊስ ማግስት ይላል። የአክስቴ ከሥር። በመቃ ብዕር ነው የተጻፈው፤ ጥቁሩ ቀለም አንዳንድ ቦታ ወደ ቡኒ ሄዷል። ከልጆቹ በታች፣ ጠርዙ አይጥ በቀመሰው ቦታ፣ ከሌላው ደቀቅ ያለ አንድ መስመር አለ። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ነው። ሐምሌ ፲፱፻፶፩።

"ቡሬ ሞተ። ሰው አልሞተም። ተመስገን።"

ከዚያ ሌላ የለም።

ቁጭ አልኩ። አጎቴ "ምን አገኘሽ?" ሲለኝ አነበብኩለት። ዝም አለ። ከዚያ ትዝ አለው። ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው። ቡሬ የግራ በሬ ነበር። ሐምሌ እርሻው ተጋምሶ፣ ዘሩ ደርሶ፣ ጠዋት ሲነሱ በረት ውስጥ ወድቆ አገኙት። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። አንድ በሬ ያለው ሌላ አንድ በሬ ያለውን ፈልጎ መቀናጆ ይገባል፤ አንድ ቀን ለእሱ፣ አንድ ቀን ለጓደኛው። ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅም። አያቴ ሁለት ክረምት በመቀናጆ ነው ያረሱት። አጎቴ ይሄን ሲያወራ ጣቱን አልቀሰረም፣ ጉሮሮውንም አልጠረገም። "ይቺን ጻፊ" አላለኝም።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሥልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤተሰቡ የያዘው ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ነው። አያቴ ግን መጀመሪያ የጻፉት "ቡሬ ሞተ" ብለው ነው። በስሙ። በሬ ሞተ አላሉም፣ ንብረት ጠፋ አላሉም። ቡሬ። መጀመሪያ እሱን አለቀሱና ከዚያ ነው "ሰው አልሞተም" ያሉት። አባቴ በስልክ መጀመሪያ "ብርሽ ሄደ፣ ወይኔ ልጄ" ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ስልኩን አልወረውርም ነበር። ልወረውር አላስብም ነበር።

ለአክስቴ ፎቶውን ላክሁላት። የስድስት ደቂቃ ድምፅ ጠብቄ ነበር። የላከችው አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። "የአባዬ የእጅ ጽሑፍ ነው" አለችና ተቋረጠ። ማታ ላይ ደግሞ በጽሑፍ፦ "ቢሆንም ነግራው ይሆናል።"

ከዚያ ወዲህ የእህቴ ልጅ ስልኳን ተሰርቃ እያለቀሰች ስትመጣ "ቡሬ ሞተ" አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም። ቡና አፈላሁ። ሁለተኛውን ግማሽ በረካው ላይ ራሷ አለችው።

ዘንድሮ ለገና ደብረ ብርሃን ስሄድ አጀንዳውን ይዤ ሄድኩ። ብርዱን ታውቁታላችሁ። አባቴ ጋቢውን ደርቦ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ስለደከመ መነጽሩን በክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። የዳዊቱን ገጽ ላሳየው ከፈትኩለት። አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ደብተሩን ከእጄ ወስዶ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ ያዘ። አንድ ሰዓት ያህል አልተናገረም። አንዳንድ ቦታ ይስቃል። ነጠብጣቡ ላይ በደንብ ሳቀ። ጥቅምት 14 የሚለው ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ።

እዚያ ያለው የሱ ነው። ሚያዝያ 2011፣ አባዬ፣ ለእኔ፣ በስልክ፣ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ በዚያው ሌሊት መልቀቂያ ልጽፍ ስል። አባቴ ሾፌር ነበር። በኤንትሬ የጭነት መኪና ወደ ኮምቦልቻ፣ አንዳንዴም በባቲ አድርጎ እስከ አሰብ ይጭን ነበር። ያን ሌሊት ጩኸቴን እስክጨርስ ጠብቆ "ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም፣ በማርሽ ነው" አለኝ። ሲያስረዳኝ፦ ጣርማ በርን፣ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈሽ ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ፣ ጉም አለ፣ ጭነት አለ። ፍሬን እየረገጥኩ እወርዳለሁ ያለ ሰው ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ መጨረሻ ላይ እምቢ ይላል። ማርሽ ዜሮ አድርጎ የሚወርደው ደግሞ የለየለት ነው። ዋሻው አፍ ላይ፣ ገና ሳትጀምሪ፣ ከባዱን ማርሽ አስገቢ። ሞተሩ ራሱ ይይዝሻል። ፍሬኑን ለክፉ ቀን አስቀምጪው። መልቀቂያውን አልጻፍኩም፤ በስምንተኛው ወር፣ ሌላ ሥራ አግኝቼ፣ ቀስ ብዬ ወረድኩ።

አባቴ መነጽሩን ገፋ አድርጎ "እስክሪብቶ አምጪ" አለኝ። ቀዩን ሰጠሁት። እጁ ይንቀጠቀጣል። "ሦስተኛ ማርሽ" ብዬ የጻፍኩትን ሰርዞ ከላዩ "ሁለተኛ" ብሎ ጻፈ።

"እንዲህ ብለሽ ጽፈሽ ሰው ልትገድዪ ነው?"

"አባዬ፣ አባባል እኮ ነው።"

"አባባል ነው ብሎ መኪናው ይቆምለታል?" ገጹን እንደገና አየው። "ተጭኗል ወይስ ባዶውን ነው?"

"የተጫነ ነው።"

"እንግዲያው ጻፊዋ፣ የተጫነ በይ።"

ጻፍኩ።